ሦስት ጊዜ ከተመታ ውጣ

ይህን ታሪክ እመኑ ብዬ ማንንም አላስገድድም። በራሴ ላይ ባይደርስ ኖሮ እኔም አላምነውም ነበር።

ግን ደርሷል። በገዛ ጋራዤ ውስጥ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ።

አዎ... ቀን ነው። በዚህ ቻናል የሚወጣው ታሪክ አብዛኛው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ መብራት ይጠፋል፣ ውሻ ያላዝናል። የእኔ እንደዚያ አይደለም። ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር። ጎረቤቴ ጎማ ጠጋኙ ሬዲዮውን ከፍቶ ኳስ ያዳምጥ ነበር። እንዲህ ባለ ሰዓት ሰው ይፈራል?

እኔ ፈራሁ።

በያጅ ነኝ። የመኪና ሻንሲ ነው የምሠራው። ሻንሲ ማለት ከሥር ተኝቶ ሞተሩንም፣ ቦዲውንም፣ ሰውንም የሚሸከመው ብረት ነው። የመኪና አጥንት በሉት። ላዩ የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ አጥንቱ ከበሰበሰ መኪናው ዋጋ የለውም።

እንደ እኔ ማለት ነው።

ያን ቀን የወንድሜ ሚስት መጣች። ጎታች መኪና ላይ ጭና ያመጣችው ደግሞ ያንን ፒክአፕ ነው... በአራቱም ጎማ የሚጎትተውን፣ አሮጌውን አረንጓዴ ፒክአፕ። ስምንት ዓመት ሙሉ ግቢዋ ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሞ ነበር።

እጄ ላይ የነበረው መፍቻ ወደቀ።

«እትዬ... ይሄን ደግሞ ምን ልታደርጊው ነው?»

«እንድታየው።»

«ምኑን?»

«ሻንሲውን።»

ፊቷ ከስቷል። ከወንድሜ ለቅሶ ወዲህ በደንብ አይቻት አላውቅም። መንገድ ላይ ሳያት መንገድ እቀይር ነበር።

«እናትህ እማማ እየደከሙ ነው አሉ» አለችኝ። «ባሌን ገዳይ እንዳሉት ሊያልፉ ነው። ልጄ የአያቷን ደጃፍ ከረገጠች ስምንት ዓመት አለፋት። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ... መኪናው ሲገለበጥ ነው የተሰበረው፣ ወይስ ተሰብሮ ነው የተገለበጠው? ከዚያ መዳን የሚችል ከሆነ ጠግነው። ልጄ ትንዳው።»

«ለምን ሌላ ባለሙያ ጋ አልወሰድሽውም?»

እንደ እብድ አየችኝ።

«ከአንተ በላይ ማን ያዝንለታል?»

ይህን ስትል ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ግን መሬት ሥራዋን አታውቅም፤ የምትውጠው ሌላ ሌላውን ነው።

ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ይህን ካላወቃችሁ የሆነው ነገር አይገባችሁም።

ጋራዡ የእኔና የታላቅ ወንድሜ ነበር። ጋሼ ነበር የምለው። እሱ መካኒክ፣ እኔ በያጅ። ጀነሬተሩ ከተነሳ የሰው ድምፅ አያሰማም። ስለዚህ አንዳችን መኪና ሥር ስንገባ የምንነጋገረው በመዶሻ ነበር። ሻንሲውን አንዴ መምታት «ያዝ» ነው። ሁለቴ «ልቀቅ» ነው። ሦስቴ ከተመታ ግን ለምን ብለህ አትጠይቅም...

«ውጣ» ነው።

ከሁለታችን በቀር ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ለሚስቶቻችን እንኳ ነግረናቸው አናውቅም። የሚወራ ቁም ነገር አልመሰለንም።

አንድ ጊዜ በዚሁ ምልክት አድኖኛል። መኪናውን ያነሳንበት ክሪክ ሊያመልጥ ሲል አየና ሦስት ጊዜ መታ። እኔ ስወጣና መኪናው ሲወድቅ እኩል ነበር። «አንገትህን ለሚስትህ አስቀምጥላት» ብሎ ሳቀብኝ።

እኔስ ውለታውን እንዴት መለስኩ?

የዛሬ ስምንት ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ፣ የራሱን ፒክአፕ አስገባና «በግራ በኩል ሻንሲው ሳይሰነጠቅ አልቀረም፤ እስቲ እየው» አለኝ። አየሁት። መሰንጠቅ ብቻ አይደለም፤ ዝገት በልቶታል። ትክክለኛው ሥራ ደግሞ የታወቀ ነው። የበሰበሰውን ቆርጠህ ትጥላለህ፣ ከውስጥ ደጋፊ ብረት ታስገባለህ፣ በአዲስ ትተካለህ፣ ከዚያ ትበይዳለህ። የሁለት ቀን ሥራ ነው።

በአስር ሰዓት ግን ኳስ ነበረ።

ኳስ!

ሌላ ምክንያት ብፈጥርላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አሞኝ ነበር ብል፣ ብረት አጥቼ ነበር ብል። የለም። የምደግፈው ቡድን ይጫወት ነበር።

በዝገቱ ላይ ላሜራ፣ ስስ ብረት፣ ለጠፍኩበት። ዙሪያውን በየድኩት። ጠርዙ እንዳይታይ ስቱኮ ቀባሁት። በላዩ ላይ ጥቁር ቀለም ነፋሁበት። አርባ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«ጤነኛ ነው?»

«ጤነኛ ነው ጋሼ። ከአንተ ይጠነክራል።»

ጎንበስ ብሎ በቀኝ እጁ ጣቶች አንጓ አንኳኳው። ቀለሙ አልደረቀም ነበርና የሦስት ጣቶቹ አንጓ ጠቆረ። አሳየኝና ሳቀ። «በቃ፣ አንተ ካልክ ፈርሜያለሁ» አለ።

እኔ ወደ ኳሴ ሄድኩ። ተሸነፍን።

በማግስቱ ጋሼ አባታችንን ይዞ መንገድ ወጣ። ቁልቁለቱ ላይ፣ መታጠፊያው ጋ ተገለበጡ። ሁለቱም አልተረፉም።

ቦታው ላይ ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ወንድሜን አይደለም። አባቴንም አይደለም። ላሜራዬን ነው። በአንድ ጠርዙ ተንጠልጥሎ ነበር። ማንም ሳያየኝ በጫማዬ ገፍቼ መለስኩት።

የትራፊክ ፖሊሱ ጠየቀኝ። «ባለሙያ አንተ ነህ። ይሄ ሻንሲ ከመገልበጡ በፊት ነው የተሰበረው፣ በኋላ?»

«በኋላ ነው» አልኩት። «ወንድሜ ድሮም ይበር ነበር።»

ጋሼ በሕይወቱ በርሮ አያውቅም። ከኋላው ያለ ሾፌር ሁሉ ጥሩምባ እየነፋ የሚያልፈው ሰው ነበር።

እናቴ ግን እኔን አመነች። ባሌን ገደለብኝ ብላ የበኩር ልጇን ፎቶ ከግድግዳ አወረደች። ሚስቱንና ልጁን ከደጇ መለሰች። እኔ ደግሞ ዓይኔን በጨው ታጥቤ አጠገቧ ተቀምጬ እንባዋን እጠርግላት ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኝ ነበር። ጋሼን ያጠቡት ሰዎች በአንጓዎቹ ላይ ያለው ጥቁር ቀለም አልለቅ ብሏቸዋል። በሳሙና ፈተጉት። በቤንዚን ሞከሩት። እንደጠቆረ ተቀበረ።

አሁን ወደ ስምንት ሰዓቱ እንመለስ።

ፒክአፑን በክሪክ አንስቼ በአራት የብረት እግር ላይ አቆምኩት። ልብ በሉ፤ እግሮቹን ሁለት ሁለት ጊዜ እየገፋሁ አረጋግጫለሁ። በዚህ እንኳ አልታማም። እትዬ በሩ ጋ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠች። መፈልፈያዬን፣ መዶሻዬንና ባትሪዬን ይዤ በጀርባዬ ተንሸራትቼ ገባሁ።

ለመመርመር አልነበረም የገባሁት። ላሜራዬን ገንጥዬ ለማጥፋት ነበር።

ለይምሰል ከኋላ ጀመርኩ። ሻንሲ የሚመረመረው በጆሮ ነው። ጤነኛ ብረት ስትመታው ይጮሃል፣ ድምፁ ይርቃል። የበሰበሰው ግን ዱብ ብሎ ይቀራል። እየመታሁ ወደ ፊት መጣሁ። ይጮሃል... ይጮሃል... ይጮሃል...

ዱብ።

ደረስኩበት። ባትሪዬን አበራሁ።

የራሴን ብየዳ አወቅኩት። ብየዳ እንደ እጅ ጽሑፍ ነው፤ የማንም ከማንም ጋር አይመሳሰልም። ከዝገቱ ጋር አልያዘም። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነስቶ ቆሟል። ሙያውን ገና የጀመረ ሰው እንኳ ቢያየው ይፈርድብኛል።

ግን ያስደነገጠኝ እሱ አይደለም።

የመኪናው ሆድ በሙሉ በስምንት ዓመት አቧራ ተሸፍኗል። ላሜራው ላይ ግን... አንዲት ፍሬ አቧራ የለም።

ጥቁሩ ቀለም ያብረቀርቃል።

በጣቴ ነካሁት። ጣቴ ጠቆረ።

እርጥብ ነው።

የቲነሩ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ ልክ አሁን የተነፋ ነበር የሚመስለው። መሃል ላይ ደግሞ ሦስት የአንጓ ምልክቶች አሉ።

ዘይት ነው አልኩ። የሆነ ዘይት ፈሶበት ነው። ሰው ራሱን ለማታለል ሲፈልግ የሚያክለው ሊቅ የለም።

ከዚያ...

ጢን።

አንዴ።

ከፊት በኩል፣ ከሻንሲው ውስጥ። አንገቴን አዙሬ አየሁ። የእትዬ ጫማዎች በሩ ጋ ናቸው፤ ከመኪናው አሥር እርምጃ ይርቃሉ። አልተነቃነቁም።

«እትዬ?» አልኩ በሹክሹክታ።

«እ?»

«ምንም...»

አንዴ «ያዝ» ነው። ምን ልያዝ?

ወዲያው ገባኝ። ላሜራውን ያዝ፣ አውጣና አሳያት እያለኝ ነው። እንደዚያ ነው የገባኝ። አጠገቧ ሄጄ እጇ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

እኔ ግን መፈልፈያውን አነሳሁና ብየዳውን መገንጠል ጀመርኩ። ከላሜራው ሥር ያለውንም አሮጌውን የስንጥቅ ጠርዝ እያፈረስኩት ነበር፤ ቀድሞ እንደተሰነጠቀ የሚያሳይ ምልክት እንዳይቀር።

ጢን። ጢን።

ሁለቴ። ከበፊቱ ቀርቧል።

ልቀቅ።

«አልለቅም» አልኩ። «ጋሼ... ተወኝ። አንተ ሞተሃል። እኔ ነኝ የምኖረው።»

እንዲህ ነው ያልኩት። ቃል በቃል። ለገዛ ወንድሜ።

ላሜራው ተገንጥሎ ደረቴ ላይ ወደቀ። ቱታዬ ውስጥ ከተትኩት። በሸሚዜ በኩል ቀለሙ ሲቀዘቅዘኝ ተሰማኝ።

ከዚያ ጸጥ አለ። የጎማ ጠጋኙ ሬዲዮ እንኳ የጠፋ መሰለኝ።

ከጆሮዬ አጠገብ፣ አንድ ስንዝር እንኳ በማይርቅ ቦታ...

ጢን። ጢን። ጢን።

አላሰብኩም። ሰውነቴ ከእኔ ቀድሞ ያውቀዋል። ተንከባልዬ ወጣሁ።

ፒክአፑ ወደቀ።

መሬቱ ተንቀጠቀጠ፣ አቧራው ጋራዡን ሞላው። ከአራቱ የብረት እግሮች አንዱ ለሁለት ተጣጥፏል። ሻንሲው ያረፈው ጭንቅላቴ በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ባትሪዬ እንደ ወረቀት ተጨፍልቋል።

እትዬ ሮጣ መጥታ ያዘችኝ። እያለቀሰች ፊቴን፣ እጄን፣ ትከሻዬን ትዳብሳለች።

«ተነካህ? አንተ፣ ተነካህ ወይ?»

«አልተነካሁም።»

«ተመስገን... ተመስገን...» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀችኝ። «ቆይ ግን... ምን ነበር የምታንኳኳው?»



«ሰማሽ?»

«ሰማሁ እንጂ። መጀመሪያ አንዴ። ከዚያ ሁለቴ። ከዚያ ሦስቴ።»

«እኔ ነኝ» አልኳት።

ዓይኖቿ ፊቴ ላይ ቀሩ። ላሜራው ደረቴ ላይ ነው፤ እጇን ትንሽ ዝቅ ብታደርግ ታገኘው ነበር።

«አየኸው?»

«አየሁት።»

«እና?»

ገድዬዋለሁ። እሱ ግን አሁን፣ ከአምስት ደቂቃ በፊት፣ አድኖኛል። ከሞተም በኋላ አንገቴን ለሚስቴ አስቀምጦላታል። እውነቱን ለመናገር ከዚህ የበለጠ ምን ያስፈልገኝ ነበር?

«ሲገለበጥ ነው የተሰበረው እትዬ» አልኳት። «ፍጥነት ነው።»

አላለቀሰችም። ቢያንስ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ነጠላዋን አስተካከለችና «እሺ፣ እንግዲህ ሆድ ይፍጀው። ጠግነው» ብላ ሄደች።

ጠገንኩት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የበሰበሰውን ቆርጬ ጣልኩ። ከውስጥ ደጋፊ አስገባሁ። በአደጋው የታጠፈውን የቀኙን ሻንሲ በገመድ እየለካሁ አቀናሁ። ብየዳውን በየሁለት ጣት እየበየድኩ፣ እያቀዘቀዝኩ ዞርኩት። በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ የሠራሁት ሥራ የለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ ያፈሰስኩትን ግን ማን ይለቅመዋል?

ስጨርስ በመዶሻ መታሁት። ድምፁ ጥርት ብሎ ጮኸ፣ ርቆ ሄደ።

ከዚያ ቀስ ብዬ አንዴ መታሁ። ያዝ።

ጠበቅሁ።

ሁለቴ መታሁ። ጠበቅሁ።

ምንም የለም። ሂድልኝ ያልኩት እኔ፣ በመሄዱ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

እትዬ መኪናዋን ወሰደች። በሳምንቱ እናቴ አስጠራችኝ።

ከቀኑ አስር ሰዓት ገደማ ነበር። መጋረጃው ተከፍቶ ክፍሉ ብርሃን ነው። እናቴ ነጭ ቀለም በተቀባው የብረት አልጋዋ ላይ ተጋድማለች። ውሃ እንኳ የሚያጠጣት ሰው ነበር፤ ክንዷን ማንሳት ካቆመች አሥር ቀን አልፏታል። የምትንከባከባት እህቴ አየችኝና ወጣች።

«መኪናው ተከፈተ አሉ» አለችኝ እናቴ። ድምጿ ከሩቅ ነው የሚመጣው።

«ተከፈተ እማዬ።»

«አንተ ነህ ያየኸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ልጄ...» ዓይኖቿን ለመግለጥ ታገለች። «ልሄድ ነው። እዚያ ስደርስ አገኘዋለሁ። ምን ብዬ ልቅረበው? ልቆጣው ወይስ ይቅር በለኝ ልበለው? እውነቱን ንገረኝ።»

አፌን ከፈትኩ። እምላለሁ፣ ልነግራት ነበር። ቃሉ ጥርሴ ጋ ደርሶ ነበር።

ፊቷን አየሁ። ከልጆቿ የቀረላት ወንድ እኔ ነኝ። እየሞተች እንኳ የምታየኝ በፍቅር ነው። ያንን ዓይን ማጣት አልቻልኩም።

«ፍጥነት ነው እማዬ» አልኩ።

ትንፋሿ ረዘመ።

ከዚያ ያ ክንዷ... አሥር ቀን ያልተነሳው ቀኝ ክንዷ... ከብርድ ልብሱ ሥር ቀስ ብሎ ወጣ።

ወደ እኔ የምትዘረጋው መስሎኝ እጄን ሰጠኋት።

አልያዘችኝም።

እጇ አልፎኝ ወደ ራስጌው ብረት ሄደ። ጨበጠች። በአንጓዋ መታችው።

ጢን።

ጢን።

ጢን።

«እማዬ...?»

ዓይኖቿ ተገልጠው ነበር። ግን በእነዚያ ዓይኖች ውስጥ ያ ፍቅር አልነበረም። ማንም ያላስተማራትን ቋንቋ ነበር የምትናገረኝ።

ውጣ።

ወጣሁ። ምን ላድርግ? ጀርባዬን ሰጥቼ ወጣሁ። በሩን ስዘጋ እህቴ ሮጣ ገባች፣ ከዚያ ጩኸቷን ሰማሁ።

እናቴን ያጠቡት ሴቶች ተጨንቀው እህቴን ጠሯት። «ይሄ ጥቁር ምንድን ነው? አልለቅ አለን» አሏት። ቀኝ እጇ ላይ ነው። ሦስት አንጓ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔ ስምንት ዓመት አድሮ አልጠራም፤ እኔ ነኝ ያደፈረስኩት። ስለዚህ አሁን እዚህ እጽፈዋለሁ።

እትዬ፣ ልጅሽ ይህን ቻናል እንደምትከታተል ሰምቻለሁ። ታንብብልሽ። ባልሽ አልበረረም። ባልሽ አባቴን አልገደለም። የገደልኳቸው እኔ ነኝ፤ በአርባ ደቂቃ ሥራ፣ ለኳስ ብዬ። ላሜራው ጋራዡ ግድግዳ ላይ፣ ከእሱ መዶሻ አጠገብ ተሰቅሏል። መጥተሽ ውሰጂው። ለፈለግሽው ሰው አሳዪው። እኔ አልሸሽም።

ለእናቴ ግን ዘግይቻለሁ። ምን ብላ እንደቀረበችው አላውቅም።

አልጋዋን ማንም አልፈለገውም፤ ጋራዥ አምጥቼ ጥግ አቆምኩት። ራስጌው ነጭ ነው። በነጩ ላይ ሦስት ጥቁር ምልክቶች አሉ። እናቴ ከሞተች ሦስት ወር ሆኗታል።

ዛሬ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ይህን ለመጻፍ ከመቀመጤ በፊት በጣቴ ነካኋቸው።

አልደረቁም።